የኩላሊት ንቅለ ተከላ ታካሚዎችን በኦረም ንድፈ ሐሳብ ስንከባከብ ያየሁት

አዲስ ኩላሊት የተተከለለት ሰው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ኩላሊቱን የመጠበቁ ሥራ በአብዛኛው በራሱ ላይ ይወድቃል። የነርስ ሙያ ምሁሯ ዶሮቲያ ኦረም ያቀረበችውን ራስን የመንከባከብ ጉድለት ንድፈ ሐሳብ ለሥራዬ መመሪያ ያደረግሁትም ስለዚህ ነው፤ ነርሷ ታካሚውን ተክታ የምትሠራበትን፣ አብራው የምትሠራበትንና እየደገፈች የምታስተምርበትን ጊዜ ለይቶ ያሳያል።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ላይ ክርክር የለም። ሽንቱን በየሰዓቱ መለካት፣ የሚሰጠውን ፈሳሽ ከዚያ ጋር ማመጣጠን፣ የሽንት ቱቦው አለመታጠፉንና በረጋ ደም አለመዘጋቱን ማየት፣ የደም ግፊትና የፖታሲየም መጠን መከታተል ሁሉ የነርስ ድርሻ ነው። የሚከብደው ሥራውን ለታካሚው መልሶ ማስረከብ ነው፤ መድኃኒት ቆጥሮ ማቀበል ታካሚው ሲቆጥር ቆሞ ከማየት ይፈጥናልና፣ ሥራ የበዛበት ነርስ ሁሉ ወደሚፈጥነው ያዘነብላል።

ስለዚህ ታካሚው ከአልጋው መነሳት እንደቻለ የመድኃኒት ሣጥኑን ራሱ እንዲሞላ፣ ክብደቱን፣ ሙቀቱንና የሽንቱን መጠን ራሱ እንዲመዘግብ አደርግ ጀመር። በቃል ጥያቄ የማይገኝ ክፍተት የሚገለጠው በዚህ ጊዜ ነው። አንድ ታካሚ ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዳያጠቃ የሚሰጡት ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን የተባሉት መድኃኒቶች ለምን እንደሚወሰዱ አንድ በአንድ አስረዱኝ፤ «ነገ ጠዋት ለምርመራ ደም ይሰጣሉ፤ እስኪ የነገውን አወሳሰድ ያሳዩኝ» ስላቸው ግን ታክሮሊመሱን እንደወትሮው ከቤት ሳይወጡ ሊውጡት ነበር። መጠኑ በደም ውስጥ የሚለካው ቀጣዩ መድኃኒት ሊወሰድ ሲል፣ ማለትም በቀን ሁለቴ ለሚወስድ ሰው ያለፈውን ከወሰደ 12 ሰዓት ያህል ቆይቶ ስለሆነ፣ ቀድሞ የዋጠ ሰው ውጤቱ ያለአግባብ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በዚያ ተመርኩዞ መድኃኒቱ ቢቀነስ ሰውነቱ ኩላሊቱን ባዕድ ብሎ እንዲያጠቃ መንገድ ይከፈታል። ከዚያ ወዲህ የምርመራ ቀን አወሳሰድን በተግባር እንጂ በቃል አላስተምርም።

ንድፈ ሐሳቡ ብቻውን የማይበቃበትም ቦታ አለ። ኩላሊቱን ከቅርብ ዘመዱ ያገኘ ሰው የዚህ ጥቃት ምልክት ሊሆን ቢችልም፣ ሽንቱ ሲያንስ ወይም ክብደቱ በድንገት ሲጨምር፣ ለጋሹ እንዳያዝንበት ብሎ ሊደብቅ ይችላል። ይህን የዕውቀት ጉድለት ብሎ መመዝገብ ትርጉም የለውም፤ የሚያውቀውን ነው የሚደብቀው። እንዲህ ያለውን ታካሚ ለጋሹ በሌለበት አነጋግሬው፣ ሰውነቱ በኩላሊቱ ላይ የሚያደርሰው ጥቃት ቶሎ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ በመድኃኒት እንደሚቀለበስ ሳስረዳው መናገር ይቀለዋል።