የዛፍ ግንድ ላይ ያረፈችው የእሳት እራት

ዛሬ ከሰዓት በኋላ አራት ኪሎ፣ በአንድ አሮጌ ጥድ ግንድ ላይ ግራጫ የእሳት እራት ክንፎቿን ዘርግታ አርፋ አየሁና ረዘም ላለ ጊዜ ቆሜ ተመለከትኋት። ያስታወሰችኝ በእንግሊዝ ደኖች የምትታወቀውን ቢስተን ቤቱላሪያን ነው። የዚህች ዝርያ ነጭ ክንፍ በጥቁር ነጠብጣብ የተረጨ በመሆኑ፣ የዛፍ ሽበት (በቅርፊት ላይ የሚበቅል ሊከን) በለበሰ ቅርንጫፍ ላይ ቀኑን ስታሳልፍ ወፎች በቀላሉ አይለዩዋትም። አባጨጓሬዋ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስደንቀኛል፤ የበርችና የኦክ ቅጠል እየበላ ሲያድግ ቁርጥ ጭራሮ ይመስላል፣ ቀለሙንም ካረፈበት ቅርንጫፍ ጋር ያስማማል። ብርዱን ወራት ከአፈር ሥር በሽፋኑ ውስጥ ያሳልፋል።

የፋብሪካ ጥቀርሻ ግንዶቹን ሲያጠቁርና ሽበታቸውን ሲያጠፋ ግን ጥቁሯ ዓይነት በዛች፤ በማንቸስተር አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1895 ወደ 98 በመቶ ደርሳ ነበር። የእንግሊዝ የንጹሕ አየር ሕግ እ.ኤ.አ. በ1956 ከወጣ በኋላ አየሩ እየጠራ ሲሄድ ነጯ እንደገና በረከተች። የመኪና ጭስ በሚበዛበት በእኛ መንገድ ዳር ያሉት ግንዶችም እንዲህ ባለ ትኩረት ሊጠኑ ይገባል ብዬ አምናለሁ። የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጥቁረቱን ያመጣው የዘረ መል ለውጥ እ.ኤ.አ. በ1819 ገደማ መከሰቱን እ.ኤ.አ. በ2016 አሳውቀዋል።