ኮሪዶና የኩሽናችን ሰዎች

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሬስቶራንት ኩሽና የገባ ሐበሻ ሳይወድ በግዱ አኮርዲዮንና ቱባ የተባለውን ትልቅ ጥሩምባ ይለምዳል። አጠገቤ ሽንኩርት የሚከትፈው ልጅ የሜክሲኮዋ ሲናሎዋ ግዛት ሰው ነው። ድምፁ እንዲጎላለት ስልኩን ባዶ ድስት ውስጥ ያስቀምጥና ቀኑን ሙሉ ኮሪዶ የሚባለውን ታሪክ ተራኪ የሜክሲኮ ዘፈን ይለቅብናል። ዜማው ለሠርግ ይሆናል፤ ግጥሙ ግን ስለ ዕፅ ጭነት፣ ስለ ጠመንጃና ስለ ሬሳ ነው።

ኮሪዶ ራሱ የቆየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 በፈነዳው የሜክሲኮ አብዮት ጊዜ የአማፂውን መሪ የነፓንቾ ቪላን ወሬ ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ያደርስ ነበር። በ1970ዎቹ ሎስ ቲግሬስ ዴል ኖርቴ የተባለው ባንድ በመኪና ጎማ ማሪዋና ደብቀው ከሜክሲኮዋ የድንበር ከተማ ከቲኋና ወደዚሁ ከተማ ስለሚያሻግሩ ወንድና ሴት ዘፈነ፤ ከዚያ ወዲያ ዕፅ አዘዋዋሪው ጀግና ሆኖ ቀረ።

ልጁ የሚያመልከው ግን ዘፋኙን ቻሊኖ ሳንቼዝን ነው። ቻሊኖ እዚሁ ስደተኛ ሳለ ለከፈለው ሁሉ በስሙ ኮሪዶ ይገጥም ነበር። አዝማሪ ቤት "ተቀበል!" ብለህ ስምህን አስጠርተህ ብር ግንባሩ ላይ እንደምትለጥፈው በለው፤ እዚያ ግን ከፋዩ አንዳንዴ ገዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 1992 እዚሁ ካሊፎርኒያ፣ ኮቼላ ከተማ መድረክ ላይ ሳለ ተተኮሰበት፤ እሱም ሽጉጡን መዝዞ መልሶ ተኮሰ። ግንቦት ላይ የሲናሎዋ ዋና ከተማ ኩሊያካን ሲዘፍን ወረቀት አቀበሉት። ቪዲዮውን ልጁ አሳይቶኛል፦ ያነበዋል፣ ፊቱ ይለዋወጣል፣ ላቡን ይጠርግና መዝፈኑን ይቀጥላል። በማግስቱ ተገድሎ ተገኘ።

ዕቃ አጣቢዋ ሴትዮ የሌላዋ የሜክሲኮ ግዛት የሚቾአካን ሰው ናቸው። ወንድማቸውን ወስደውባቸዋል፤ ሬሳው እንኳ አልተገኘም። ኮሪዶ ሲጀምር ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ይከፍቱታል። አንድ ቀን ግን ዘጉት።

"ወንድሜን የወሰዱት ሰዎች መኪናቸው ውስጥ ይሄንኑ ነበር የከፈቱት" አሉት።

"ዶኛ፣ ዘፈን እኮ ሰው አይገድልም። እኛ ሰፈር መንገድ ያሠሩልን እነሱ ናቸው፤ መንግሥት የት ነበር?"

እኔ ለሴትዮዋ አደላለሁ። ተከፍሎበት የተወደሰ ሰው ዘፈኑ ላይ የገደላቸውን ሰዎች ዘመዶች አያስጠራም። እንዲህ ያለውን ኮሪዶ ማገድ ግን የሚሠራ አይመስለኝም። ሲናሎዋ በ2011 መጠጥ ቤቶች ውስጥ አግዳው ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሻረው። ሚያዝያ 2025 ደግሞ ሜክሲኮ ሲቲ አጠገብ ባለችው ቴስኮኮ ላይ አንድ ዘፋኝ ዕገዳ አለ፣ ኮሪዶ አልዘፍንም ቢል ታዳሚው መድረክ ላይ ወጥቶ የሙዚቃ መሣሪያውን እንክትክቱን አወጣው። የሜክሲኮዋ ፕሬዚዳንት ሼንባውም እንኳ ማገዱን አልደግፍም ብለው፣ ወንጀል የማያወድሱ ዘፈኖች የሚወዳደሩበት መድረክ አዘጋጁ።

የውድድሩን ወሬ ስነግራቸው ልጁ ከት ብሎ ሳቀ። ሴትዮዋ እጃቸውን በሽርጣቸው አድርቀው፣ የወንድማቸውን ስም የሚያነሳ ኮሪዶ ለማስገጠም ስንት እንደሚያስከፍል ጠየቁት። የሚያውቀው ገጣሚ አለ። ዋጋውን እስካሁን አልነገራቸውም።