«አካል» ስል ማንን ማለቴ ነበር?

የማታው ዜና ከተነበበ በኋላ ቢሮ ስልክ ተደወለ። ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። «ዜናውን የጻፉት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። ነኝ አልኳት። «የጸጥታ አካላት ያዟቸው ካላችኋቸው ሰዎች አንዱ ታናሽ ወንድሜ ይመስለኛል። ከትናንት ጀምሮ ቤት አልገባም። ስንቅ የት ልውሰድለት?»

መልስ አልነበረኝም። የያዛቸው የከተማው ፖሊስ ይሁን ፌዴራል ፖሊስ ወይም ሚሊሻ፣ አልጠየቅኩም። መግለጫው «የጸጥታ አካላት» ይላል፤ እኔም እንዳለ ገለበጥኩት። እሷ ደግሞ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ከጣቢያ ጣቢያ ልትንከራተት ነው።

በማግስቱ ባለፉት ወራት የጻፍኳቸውን ዜናዎች አተምኩና «አካል» ያለበትን ሁሉ በቢጫ ማድመቂያ አሰመርኩ። ገጹ ቢጫ በቢጫ ሆነ።

ቃሉ በራሱ ጥፋት የለበትም። ሚኒስትሩ «በአካል ተገኙ» ሲባል በስልክ ወይም በቪዲዮ አይደለም ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 16 ላይ ስለ «አካል ደህንነት» ሲናገር ስለ ሥጋና አጥንታችን ነው። «ሕግ አስፈጻሚው አካል» ከሦስቱ የመንግሥት ክፍሎች አንዱ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ስለ ሥላሴ «በአካል ሦስት» ስትል በጣም ተጠንቅቃ የለየችው ትርጉም አላት። አንድ ቃል ይህን ሁሉ ተሸክሞ አንባቢ አይደናገርም፤ አማርኛ እዚህ ላይ ያስደንቀኛል።

ያስቸገሩኝ ሌሎቹ ናቸው። «የሚመለከተው አካል»፣ «ባለድርሻ አካላት»፣ «አንዳንድ አካላት»፣ «የጸጥታ አካላት»። እነዚህ አካል ተባሉ እንጂ እጅ የላቸው፣ እግር የላቸው፣ የሚንኳኳ በር የላቸው። ትምህርት ቤት ዓረፍተ ነገር ባለቤት አለው ተብለን ተምረናል። «የሚመለከተው አካል መፍትሔ ይሰጣል» ስል በሰዋስው ባለቤት አለ፤ ሥራው ግን ባለቤት አልባ ነው።

ከሁሉም የከነከነኝ ሕጉን ሳነብ ያገኘሁት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ለጉዞ የሚፈጀው ጊዜ አይቆጠርም። ይህ ካልሆነ ሰውየው እንዲለቀቅ ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይቻላል። የሕግ ሰዎች «አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ» ይሉታል። በላቲኑም «ሃቢየስ ኮርፐስ» ነው፤ «ኮርፐስ» ደግሞ አካል ማለት ነው። ታዲያ አቤቱታው ላይ ሰውየውን የያዘው ማን እንደሆነ መጻፍ ያስፈልጋል። «የጸጥታ አካላት» ተብሎ አይሞላም። እኔ በአንዱ «አካል» ሌላውን አካል ሸፍኜው ኖሯል።

አሁን የማደርገው ቀላል ነው። «አካል» የሚለውን ሰርዤ ስም ላስገባበት እሞክራለሁ። ስሙን ካላወቅኩት ስልክ አነሳለሁ። ተደውሎም ካልተገኘ «የያዛቸው የትኛው ፖሊስ እንደሆነ ማረጋገጥ አልቻልንም» ብዬ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን አለቃዬ ዜናው ረዘመ ብሎ ተቆጥቶ ነበር። እውነቱን ነው፣ ይረዝማል።

ግን አንድ ቀን ስለ ታክሲ ታሪፍ «ባለድርሻ አካላት ተወያዩ» የሚል መግለጫ መጣ። እነማን ናቸው ብዬ ደወልኩ። የታክሲ ባለንብረቶች፣ ሾፌሮች፣ የትራንስፖርት ቢሮ ሰዎች ተባልኩ። ተሳፋሪስ? ተሳፋሪን ወክሎ የተገኘ ሰው አልነበረም። በየቀኑ ከኪሱ የሚከፍለው ሰው ድርሻ እንደሌለው ተቆጥሯል። ያን ቀን ዜናዬ እሱ ሆነ፤ አለቃዬም ስለ ርዝመቱ ምንም አላለኝም።

ያቺ ሴት በአራተኛው ቀን መልሳ ደወለች። ወንድሟን አግኝታዋለች። የነበረበትን ጣቢያ ነገረችኝና ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ዜናው ውስጥ መግባት የነበረበት ስም እሱ ነበር።