ጥርሱ ሳያልቅ የሚያረጅ ጎማ

ሳምንቱን ሙሉ ግቢ ውስጥ ቆሞ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ የሚመለስ መኪና ጎማው ቶሎ አያልቅም። ችግሩም ይኸው ነው። በ8 ዓመቱ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ይታያል፣ ውስጡ ግን ደርቋል። አዲስ አበባ ውስጥ በ40 ሲነዳ ምንም ላይል ይችላል። ለፋሲካ ቤተሰብና ጓዝ ተጭኖበት በአዳማው ፈጣን መንገድ በ110 ሲበር፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ሙቀት ሲወርድ ነው ጉዱ የሚወጣው።

ዕድሜው ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። ዲ፣ ኦ፣ ቲ ከሚሉት የላቲን ፊደላት ቀጥሎ ከሚደረደረው ኮድ የሚፈለገው የመጨረሻዎቹ 4 አኃዞች ነው፤ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 1815 ማለት በ2015 18ኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ 15ን አይቶ በእኛ አቆጣጠር ያስበዋል። ቁጥሩ የፈረንጅ ነው። ያ ጎማ የተሠራው ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ነው፣ ወደ 8 ዓመት የሚጠጋ ልዩነት። ሻጩ ደግሞ ሊያርማችሁ አይቸኩልም። ሙሉው ኮድ በአንዱ ጎን ብቻ ሊኖር ስለሚችል፣ ከውጭ ካጣችሁት ባትሪ ይዛችሁ ከመኪናው ሥር በውስጠኛው ጎን ፈልጉት።

ሳይነዳ ለምን ያረጃል? የታመቀው ንፋስ ውስጥ ያለው ኦክስጅን በላስቲኩ ውስጥ ቀስ እያለ እየሰረገ የሽቦ መረቦቹን የሚያያይዘውን ላስቲክ ያደርቀዋል፤ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። በተጨማሪ ላስቲኩ ውስጥ ሰም መሰል መከላከያ ተቀላቅሎበታል። ጎማው ሲሽከረከርና ሲተጣጠፍ ይህ ሰም ወደ ላይ እየወጣ ቆዳውን ይጠብቃል። የቆመ መኪና ጎማ ይህን አያገኝም፤ ስለዚህ ቁጭ ያለው ከሚሠራው ቀድሞ ይሰነጠቃል።

ስንት ዓመት? ብዙ መኪና አምራቾች 6 ዓመት ሲሞላው ቀይሩ ይላሉ። ጎማ አምራቾች ደግሞ ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ አስፈትሹ፣ ከተሠራ 10 ዓመት ካለፈው ምንም ቢመስል ጣሉት ይላሉ። የእኔ ሚዛን እንዲህ ነው፦ ቆላ ለሚወርድ መኪና 6፣ ከከተማ ለማይወጣ እየተፈተሸ እስከ 8።

ለመፈተሽ መሪውን እስከ ጥግ አዙራችሁ የፊት ጎማውን ጎን አውጡ፤ በሳሙና አጥባችሁ አድርቁ። የፀጉር ያህል ቀጭን፣ ላይ ላዩን የሆነ መስመር አያስደነግጥም። ጥፍር የሚያስገባ፣ ጥልቀቱ ከ1.5 ሚሊ ሜትር የሚያልፍ ስንጥቅ ግን የጎማው መጨረሻ ነው። በጥርሶቹ መካከል ከቦዩ ሥር የሚታየው ስንጥቅ ይብሳል፣ ለሽቦው ቅርብ ነውና። ያበጠ ጎማ አያከራክርም፤ ያኔውኑ ይወርዳል።

ባላንስ ተሠርቶም መሪው ከተንቀጠቀጠ የሽቦው መረብ ተላቆ ሊሆን ይችላል። ሌሎቹን ጎማዎች በድንጋይ ደግፋችሁ በክሪክ አንሡት። ካቻቢቴ ከጥርሱ አንድ ጣት ያህል አርቃችሁ ሳታንቀሳቅሱ ይዛችሁ ጎማውን በእጅ ቀስ ብላችሁ አሽከርክሩ። ቸርኬው ቀጥ ብሎ እየዞረ በካቻቢቴውና በጥርሱ መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋና ሲጠብ ካያችሁ፣ ጎማው ከውስጥ ተላቋል።

ጥርሱ 1.6 ሚሊ ሜትር ከደረሰ፣ ማለትም ከቦዩ ሥር ካሉት አጫጭር ጉብታዎች እኩል ከሆነ፣ ዕድሜውን መቁጠር አያስፈልግም፤ ሊሾ ሆኗል።

አሮጌ ጎማ ስትገዙ የሚያብረቀርቀውን ጥቁር ቅባት በጨርቅ ጥረጉ፤ ስንጥቅ የሚደበቀው እሱ ሥር ነው። ጥልቅ ቦይ ኖሮት ጉብታዎቹ የተቆረጡ ወይም የጠፉ ከሆኑ ደግሞ ያለቀ ጎማ በቢላ ተፍቆ ነው የቀረበላችሁ።

ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተጻፈው ልክ ነው። ቆላ ወርዳችሁ ጠዋት 32 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) የነበረው ጎማ ሞቆ 36 ሲያሳይ ማስተንፈስ የተለመደ ስህተት ነው፤ ጭማሪው የሚጠበቅ ነው። ንፋስ ያነሰው ጎማ ይበልጥ ይተጣጠፋል፣ ይበልጥ ይሞቃል፤ ያረጀውን የሚጨርሰው ይሄ ሙቀት ነው።

ገንዘቡ ለሁለት ብቻ ከበቃ አዲሶቹ ወደ ኋላ ይግቡ። ብዙ ሾፌር ወደ ፊት ያስገባቸዋል፣ ነገር ግን የፊቱ ሲፈነዳ በመሪ መቆጣጠር ይቻል ይሆናል፤ የኋላው ሲፈነዳ መኪናው ጭራውን ይጥላል።

ጎሚስታው ጋ ስትሄዱ ቅያሪውንም አስወርዱና ኮዱን አንብቡ፤ በላንድክሩዘር ጀርባ ያለ ሽፋን ፀሐይ ላይ የተንጠለጠለውም እንደ ሌሎቹ ያረጃል። የላስቲክ ቫልቭ ካለውም ከጎማው ጋር ይቀየር። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ከቸርኬው ጋር በሚገናኝበት ሥሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ጎንበስ ስታደርጉት ከተሰነጠቀ አዲሱ ጎማ ቀስ እያለ ንፋሱን ያፈሳል።