ጠበል አይደለም፣ ትፋው

ደብረ ብርሃን ላይ ታኅሣሥ ሲገባ የማያስል ሰው የለም። ጠዋት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ይነጣል። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ብርዱን ለምደነዋል እንላለን እንጂ ጉሮሯችን አልለመደውም። እኔን በየዓመቱ አንዴ ያመኛል፤ በሦስት አራት ቀን ይተወኛል። አምና ግን አልተወኝም።

መነሻው የገብስ ቆሎ ነው። ከኪሴ አይጠፋም። አንዷ ጠጠር የሆነች ፍሬ የታች ከንፈሬን ከውስጥ በኩል ፋቀችው። ሲያድር ቁስል ሆነ፤ መሐሉ ነጭ፣ ዙሪያው ቀይ፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ። ቀጥሎ ምላሴ ጠርዝ ላይ ሁለት ወጡ። ሳምንቱ ሳያልቅ ጉሮሮዬ ተጨመረበት። ምራቄን ስውጥ እሾህ የምውጥ ይመስለኛል። አስተማሪ ነኝ፤ እንጀራዬ ድምፄ ነው። ከኋላ ወንበር "ቲቸር፣ አይሰማም!" ሲሉኝ ጠመኔውን ጥዬ መውጣት አማረኝ።

ከሁሉ የከፋው ምግቡ ነበር። ጊዜው የነቢያት ጾም ነው፤ ቤታችን ከሽሮ አይወጣም። በርበሬ የቆሰለ ምላስ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ የደረሰበት ያውቀዋል። ሁለት ጉርሻ ጎርሼ ትሪውን ገፋሁት።

እናቴ ከመሐል ሜዳ ልትጠይቀን መጥታ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ቡና ሊጠጡ ገቡና ገና ሳይቀመጡ ፈረዱ። "እንጥሉ ወርዶ ነው። የሚቆርጥ ሰው አውቃለሁ።"

እናቴ ሳቀች። "የእሱ እኮ ገና ጡት ሳይጥል ተቆርጧል። ምኑ ይወርዳል?"

እትዬ አልተሸነፉም። "እንግዲያው አረቄ ይጉመጥመጥበት።"

ተጉመጠመጥኩ። በሰው ቁስል ላይ አረቄ የሚያዝ ሰው ራሱ ቁስል ኖሮት አያውቅም። ከወንበሬ ተነሥቼ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ቁስሉ በማግሥቱ የባሰ ቀላ።

ከዚያ ብልጥ ሆንኩና በራሴ ፋርማሲ ሄድኩ። "የአፍ መጉመጥመጫ ስጡኝ" አልኩ። ሰጡኝ። ምን እንደሚያመኝ አልተናገርኩም፣ እነሱም አልጠየቁኝም። የሰጡኝ ክሎርሄክሲዲን ነበር። ሁሉም መጉመጥመጫ አንድ ይመስለኝ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ክሎርሄክሲዲን ተህዋስ ይገድላል፤ ለድድና ለጥርስ ጥሩ ነው። ሕመም ግን አያስታግስም። እኔ የምፈልገው ደግሞ ማስታገሻ ነበር። ይባስ ብሎ ጥርሴን በሳሙና ቦርሼ ወዲያው እጉመጠመጥበታለሁ፤ ለካ ሳሙናው ኃይሉን ስለሚያዳክመው ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት ነበረብኝ። ላዩ ላይ ሻይ እከልስበታለሁ። ጥርሴ ሥር ቡናማ መስመር ሲታየኝ ደነገጥኩ። የምበላው ሁሉ ብረት ብረት ይለኝ ጀመር።

በስድስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የመረመረኝ ጤና መኮንን ወጣት ነው። ምላሴን በጠፍጣፋ እንጨት ተጭኖ ባትሪ አበራብኝ።

"እንጥልህ የት ሄደ?"

"መንዝ ቀረ።"

ሳቀ፤ የመጀመሪያው እኔ እንዳልሆንኩ ያስታውቃል። ትኩሳቴን ለካ፣ አንገቴን በጣቱ ዳበሰ። ጉሮሮዬ ቀልቷል እንጂ መግል የለውም፤ ትኩሳትም የለኝም። ጉንፋን ያመጣው ነው አለኝ። እቤት የተረፈ አሞክሲሲሊን እንዳለኝ ስነግረው እንዳልነካው አስጠነቀቀኝ፤ ቫይረስ ላይ አይሠራም። የአፍ ቁስሉ ደግሞ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ የሚድን ዓይነት ነው። እስኪድን ግን መብላት አለብኝ። ስለዚህ ቤንዚዳሚን የሚባል መጉመጥመጫ ጻፈልኝ።

አረንጓዴ ፈሳሽ ነው። እብጠትንና መቆጣትን ይቀንሳል፣ የነካውን ቦታም ለጊዜው ያደነዝዛል። ፋርማሲዋ ልጅ ይህን ጊዜ ጠየቀችኝ። አስም አለብህ? አስፕሪን ወይም ዳይክሎፌናክ ወስደህ ሰውነትህ ተቆጥቶ ያውቃል? የለብኝም አልኳት። በብልቃጡ ክዳን 15 ሚሊ ሊትር እንዴት እንደሚለካ አሳየችኝ። የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ማለት ነው። "ጠበል አይደለም፣ ትፋው" አለችኝ። ለምን እንዲህ እንዳለችኝ አላውቅም፤ ፊቴ ላይ አንብባው ይሆናል። መድኃኒት ከተገዛ ጠብታው መባከን የለበትም ብዬ ልውጠው አስቤ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን አልተሳካልኝም። አፌ ውስጥ ሲገባ ቁስሉን ለበለበኝ፣ ቶሎ ተፋሁት። ደወልኩላት። በእኩል መጠን ውኃ አቅጥነው አለችኝ። አቀጠንኩት፣ ማቃጠሉ ቀረ። ሁለተኛው ጥፋቴ ጊዜው ነው። ከምሳ በኋላ እጉመጠመጥ ነበር። በሕመም በልቼ ከጨረስኩ በኋላ ማደንዘዝ ምን ይጠቅመኛል? በሦስተኛው ቀን ገለበጥኩት። ከመብላቴ ሩብ ሰዓት ቀደም ብዬ መያዝ ጀመርኩ። ሽሮዋን ያኔ ጨረስኳት። ጎሽ ያልኩት ያን ቀን ነው።

አያያዙን ልንገራችሁ። መጀመሪያ በለብ ያለ ውኃ አፌን አጥባለሁ፣ የምግብ ፍርፋሪ እንዳይኖር። መድኃኒቱን እይዝና ከንፈሬና ምላሴ ጋ አዘዋውረዋለሁ። ከዚያ አንጋጥጬ "አአአ" እያልኩ ጉሮሮዬ ላይ እንደ ወጥ አንተከትከዋለሁ። ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይበቃል። ሰዓት ስለማልይዝ አቡነ ዘበሰማያትን በልቤ አንዴ እደግማለሁ፤ ሳልጣደፍ ካልኩት ይደርሳል። እናቴ ይህን ስትሰማ አልወደደችውም። ከዚያ መትፋት ነው። ውኃ አላስከትልበትም፣ ታጥቦ ይሄዳልና። ሕመሙ ሲነሣ በየሦስት ሰዓቱ ደገምኩት።

አንድ ቀን ተጉመጥምጬ ወዲያው ቡና አነሣሁ። አፌ ደንዝዟል፣ የቡናው ማቃጠል አልተሰማኝም። ማታ መደንዘዙ ሲለቀኝ ላንቃዬ ተልጦ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ የሚጠጣ ነገር መጀመሪያ በከንፈሬ ጫፍ እሞክራለሁ።

በአንዱ መጉመጥመጥና በሌላው መሐል ጨውም ነበረ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ለብ ባለ ውኃ። ድሮ በእፍኝ እየጨመርኩ ነበር ከጨው የተጣላሁት። በልኩ ሲሆን ያሳርፋል፣ በተለይ ሌሊት ጉሮሮ ደርቆ ሲያነቃ። የገብስ አጥሚቱንም አልረሳውም። እናቴ ቀዝቀዝ አድርጋ በጭልፋ ስትሰጠኝ ልጅነቴ ተመለሰ።

ቤንዚዳሚኑን ያቆምኩት በሰባተኛው ቀን ነው። ያለ ሐኪም ከዚያ በላይ እንዳልቀጥል ተነግሮኛል። ጉሮሮዬ በአራተኛው ቀን ተከፍቶ ነበር። የከንፈሬ ቁስል ቆየ፣ በሁለት ሳምንቱ ጠፋ። መጉመጥመጫው አላዳነኝም፤ እስክድን አበላኝ፣ አናገረኝ። ቁስሉ ሦስት ሳምንት ካለፈው ተመልሰህ ና ብሎኝ ነበር ጤና መኮንኑ። አፍ አልከፈት ካለ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ደግሞ በዚያው ሰዓት።

እናቴ ልትሄድ ስትል ብልቃጡን አየችው። ሲሶው ቀርቷል።

"ይችን አረንጓዴዋን ልውሰዳት። መሐል ሜዳ ያለው የነእትዬ የልጅ ልጅ ጉሮሮውን አሞት ትኩሳት ይዞታል፣ ስድስት ዓመቱ ነው።"

"አይሆንም፣ እማዬ።"

ቅር አላት። ለምን እንዳልኳት አስረዳኋት። ለዚያ ዕድሜ የሚሆን አይደለም፤ ሊውጠውም ይችላል። ደግሞ ትኩሳት ያለው የልጅ ጉሮሮ እንደ እኔ ቀላል ላይሆን ይችላል። ባክቴሪያ ከሆነና በወጉ ካልታከመ ኋላ ልብ ላይ ሊሄድ፣ የልብ በር ሊያበላሽ ይችላል። ያን ደግሞ መጉመጥመጫ አያስቆመውም። ሕመሙን ሸፍኖ ቤት ያስቀምጠዋል እንጂ።

"ታዲያ ባዶ እጄን ልሂድ?" አለችኝ።

ከመሳፈሪያዋ ሌላ ብር ቆጥሬ ሰጠኋት። "ለልጁ መታከሚያ ነው። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ እንጥሉንም ማንም እንዳይነካው።"

መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። መኪናው ታርማበር ከመድረሱ በፊት ደወለችልኝ፤ እትዬን በስልክ አግኝታ ነግራቸዋለች።