ሁለት ጭስ ማውጫዎች በአንድ ጣሪያ ላይ፦ የቦይለሩንና የእንጨት ምድጃውን እንዴት እንዳራራቅኋቸው

የእንጨት ምድጃ ባስተከልኩበት ዓመት፣ ቤቱን የሚያሞቀው የጋዝ ቦይለር በብርድ ወራት ምሽት ላይ ብቻ ራሱን እየዘጋ ያስቸግረኝ ጀመር። ጠዋት ስነካው ምንም እንዳልሆነ ይነሳል፤ ማታ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ለመቀጣጠል ሞክሮ ሲያቅተው የብልሽት ቁጥር አሳይቶ ይቆማል። የጋዙን ግፊት አስለካሁ፣ ማቀጣጠያውን አስቀየርኩ፤ ለውጥ አልመጣም። ሕመሙ ቦይለሩ ውስጥ ሳይሆን ጣሪያው ላይ መሆኑን የተረዳሁት፣ በሦስተኛው ጥሪ የመጣው ባለሙያ የፊት ክዳኑን ከፍቶ በአየር ማስገቢያው ውስጥ ጣቱን ሲያሳልፍና ጣቱ እንደ ዱቄት በላመ ግራጫ ጥላሸት ተለቅልቆ ሲወጣ ነው። በትክክል የሚነድ የጋዝ ቦይለር ጥላሸት አያወጣም ለማለት ይቻላል፤ ያውም ጥላሸቱ የተገኘው በጭስ መውጫው ሳይሆን በአየር መግቢያው በኩል ስለነበር ከውጭ ተስቦ የገባ መሆኑ አላጠራጠረንም።

ሁለቱ ቧንቧዎች በጣሪያው አንድ ተዳፋት ላይ፣ በ80 ሳንቲ ሜትር ርቀት ጎን ለጎን ቆመው ነበር። ምድጃውን የተከለውን ሰው ስለ ርቀቱ ስጠይቀው የቦይለሩን መመሪያ ገልጦ አሳይቶኝ ነበር፤ በመመሪያው ላይ የሰፈረው ዝቅተኛ ርቀት ከ80 ሳንቲ ሜትር በታች ስለነበር ሁለታችንም ረክተን ወረድን። ያላስተዋልነው፣ ያ ቁጥር የተጻፈው አንድ የጋዝ ቦይለር ከሌላ የጋዝ ቦይለር ጎን ሲቆም እንጂ የእንጨት ጭስ ከሚያወጣ ቧንቧ አጠገብ ሲሆን አለመሆኑን ነው። መመሪያው ስለ እንጨት አንዳች አይናገርም ነበር፤ እኛ ግን ዝምታውን እንደ ፈቃድ ቆጠርነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። እንደኔ ያለው ቦይለር ቧንቧው ድርብ ነው፤ የተቃጠለው ጋዝ በውስጠኛው ቱቦ ሲወጣ ለማቃጠያው የሚያስፈልገው አየር በውስጠኛውና በውጨኛው ቱቦ መካከል ባለው ክፍተት ይገባል። ስለዚህ ጣሪያው ላይ የሚታየው ጫፍ አፍም አፍንጫም ነው፤ ማራገቢያው በሠራ ቁጥር በአካባቢው ያለውን አየር ሁሉ ይስባል። የእንጨት ምድጃ ግን ማራገቢያ የለውም። ጭሱን የሚያወጣው ትኩስ አየር ወደ ላይ በመንሳፈፉ ብቻ ሲሆን፣ ይህ የመሳብ ኃይል ብዙ ጊዜ 12 ፓስካል አካባቢ የሆነ እጅግ አነስተኛ ግፊት ነው። እሳቱ ሞቅ ብሎ ሲነድ ጭሱ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ ሽቅብ ይወረወራል። ማታ ለመተኛት ስንል የአየር መግቢያውን ጠበብ አድርገን እንጨቱ እንዲጤስ ስንተወው ግን ጭሱ ቀዝቅዞና ወፍሮ፣ በተለይ ነፋስ በሌለበት እርጥብ ምሽት፣ ከቧንቧው አፍ ወጥቶ በጣሪያው ላይ እንደ ጉም ይተኛል። ቦይለሩ ለምን ማታ ብቻ እንደሚታመም የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ግምቱን ወደ እርግጠኝነት የቀየረው መለኪያው ነበር። ባለሙያው የጭስ መመርመሪያ መሣሪያውን ቱቦ በቦይለሩ አናት ላይ ባለችው የአየር መግቢያ መፈተሻ ቀዳዳ አስገባው። ንጹሕ አየር 20.9 በመቶ ኦክስጅን ይይዛል፤ ምድጃው ጠፍቶ ሳለ መሣሪያው ያነበበውም ይህንኑ ነው። ከዚያ ምድጃውን አቀጣጥለን፣ ፍሙ ከተያዘ በኋላ አየሩን አጠበብንበትና ጠበቅን። ከሩብ ሰዓት በኋላ ንባቡ 20.6፣ ቀጥሎ 20.4 ሆነ። የጎደለው ግማሽ በመቶ ብቻ ቢመስልም፣ ቦይለሩ የሚተነፍሰው አየር ከምድጃው ጭስ ጋር እየተቀላቀለ መሆኑን ለመመስከር በቂ ነበር። ከኦክስጅኑ ማነስ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ በጭሱ ላይ ተሳፍሮ የሚገባው አመድና ሬንጅ መሰል ቅባት ነው፤ ማቃጠያውንና ሙቀት አስተላላፊውን ሲሸፍናቸው ጋዙ በሚገባ አይነድም፣ በሚገባ ያልነደደ ጋዝ ደግሞ ሽታም ቀለምም የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ የገዛሁት በዚያው ሳምንት ነው፤ ምድጃው ከመተከሉ በፊት መግዛት ነበረብኝ።

መጀመሪያ የመረጥኩት መፍትሔ ስህተት ነበር። የምድጃውን ቧንቧ በአንድ ሜትር ባስረዝመው ጭሱ ከቦይለሩ አናት በላይ ያልፋል ብዬ አሰብኩ። ለምድጃ ጭስ ማውጫ በሰፊው የሚጠቀሰው የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ደንብ፣ ኤን.ኤፍ.ፒ.ኤ. 211፣ ቧንቧው ጣሪያውን ከሚበሳበት ነጥብ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲል፣ እንዲሁም በ3 ሜትር ዙሪያ ካለው ከማናቸውም የሕንፃ ክፍል በ60 ሳንቲ ሜትር እንዲበልጥ ያዝዛል፤ የእኔ ከዚያ አልፎ ስለነበር ተማመንኩ። ደንቡ የሚጠብቀው ግን የምድጃውን መሳብና የጣሪያውን ከእሳት መዳን እንጂ አጠገቡ የቆመን የቦይለር አፍንጫ አይደለም። ነፋስ ባለበት ቀን ነገሩ ተሻሻለ፤ ጸጥ ባለው ምሽት ግን ጭሱ ከፍ ካለበት ተመልሶ ወረደ። በዚያ ላይ ከጣሪያው ከ1.5 ሜትር በላይ የቆመው ቧንቧ በነፋስ ይወዛወዝ ስለጀመረ በብረት ድጋፍ ማሰር ግድ ሆነብኝ።

ከሁለቱ አንዱ መነሳት ካለበት መነሳት ያለበት የቦይለሩ ቧንቧ መሆኑን ያመንኩት ከዚህ በኋላ ነው። የምድጃ ቧንቧ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ነው የሚስበው፤ እያንዳንዱ ኤልቦ (የቧንቧ መታጠፊያ) ኃይሉን ይቀንሰዋል፣ ጥላሸትም ያጠራቅማል። ቦይለሩ ግን በማራገቢያ ስለሚገፋ በጣሪያው ሥር ጥቂት ሜትር ወደ ጎን ቢሄድ አይጎዳም፤ ብቻ መመሪያው ከሚፈቅደው ጠቅላላ ርዝመት ላይ ለእያንዳንዱ ኤልቦ የሚቀነስ አለ፣ ያንን አስልቶ መነሳት ያስፈልጋል። ቦታውን ከመምረጤ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል ቀጭን የጨርቅ ጥብጣብ ከእንጨት ጫፍ ላይ አስሬ ጣሪያው ላይ ተከልኩና ጠዋት ማታ ወዴት እንደሚያመለክት ጻፍኩ። አዲሱን የቦይለር ቧንቧ አፍ ነፋሱ አዘውትሮ ከሚመጣበት በኩል፣ ከምድጃው 3.2 ሜትር አርቀን፣ ከምድጃው አፍ 1.4 ሜትር ዝቅ አድርገን ተከልነው። የጋዙንና የቦይለሩን ሥራ የሠራው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው፤ የእኔ ድርሻ መለካት፣ ማቀበልና ውሃ መከላከያ ላሜራውን ማስገጠም ነበር።

ጣሪያው ሥር ስንገባ ሌላ ጉድ ጠበቀን። የቦይለሩ ውስጠኛ ቱቦ ፕላስቲክ ነው፤ ጭሱ ከ60 ዲግሪ ብዙም ስለማይበልጥ ለዚያ ይበቃል። አሮጌው መስመር ግን የምድጃውን ቧንቧ ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ በመካከላቸው ጣቴን አስገባሁና ሁለተኛዋ ጣት አልገባ አለችኝ። የምድጃው ቧንቧ በሁለት ብረት መካከል ሙቀት መከላከያ ያለው ቢሆንም፣ በውስጡ የተጠራቀመው ጥላሸት ድንገት ቢቀጣጠል ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። አዲሱን መስመር ስንዘረጋ በቧንቧው መለያ ላይ ለሚቀጣጠሉ ነገሮች የታዘዘውን ክፍተት ለእንጨቱ ማገር ብቻ ሳይሆን ለፕላስቲኩ ቱቦና ለኤሌክትሪክ ገመዱም ጠበቅንላቸው። ወደ ጎን የሚሄደውን ክፍል ደግሞ ወደ ቦይለሩ አዘነበልነው፤ በየሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ በውሃ ልክ እየተረጋገጠ፤ ምክንያቱም ከእንፋሎቱ የሚጠራቀመው አሲዳማ ውሃ በቧንቧው ውስጥ መቆም የለበትም።

ሥራው ካለቀ በኋላ ያንኑ ፈተና ነፋስ በሌለው ምሽት ደገምነው። ምድጃው ሁለት ሰዓት ሙሉ ታፍኖ ሲጤስ የአየር መግቢያው ንባብ ከ20.9 አልተነቃነቀም። በማግስቱ ወጥቼ ሳይ በምድጃው ጭስ ማውጫ ቆብ ላይ፣ ቀድሞ የቦይለሩ እንፋሎት ያርፍበት በነበረው ጎን፣ እንደ ሽንብራ ያሉ ቡናማ የዝገት ነጠብጣቦች ነበሩ። ለካ ጉዳቱ በአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። በብሩሽ ፈትጌ አጸዳኋቸው፤ በቀጣዩ የብርድ ወራት ማብቂያ ስመለከትም አዲስ አልወጣም።