ቸኩዬ መስክሬ ነበር

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ይህን ምስክርነት ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደተውኩት የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን። አንድ ጊዜ ቸኩዬ መስክሬ አፍሬያለሁና ፈራሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀኝ ጉልበቴ ካርቲሌጁ አልቆ አጥንት ከአጥንት ይፋጭ ነበር። ሐኪሙ ኤክስሬዩን ከፍ አድርጎ በሁለቱ አጥንቶች መሃል ያለውን ክፍተት በእስክሪብቶው ጫፍ ሊያሳየኝ ፈለገና አጣው። «ላሳይዎት የፈለግኩት ነገር ነው የሌለው» አለኝ። መቀመጥ ምጥ፣ መነሳት ምጥ ሆነብኝ። ከሁሉ የከፋው ግን መንበርከክ መቅረቱ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ የምጸልየው ተንበርክኬ ነው፤ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ስጸልይ ከግድግዳው ጋር የማወራ ይመስለኝ ነበር።

አራት ዓመት ሙሉ ያለ ቢላ እንዲፈውሰኝ ለመንኩት። እጅ ተጭኖልኛል፣ ዘይት ተቀብቻለሁ፣ ጾሜያለሁ። «ጉልበቶቼ በጾም ደከሙ» የሚለውን ሳነብ ዳዊት ስለ እኔ የጻፈው ይመስለኝ ነበር። አንድ ወንድም «እምነት ካለሽ ኦፕራሲዮን ምን ይሠራልሻል?» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም። (ዛሬ አለኝ፤ ግን ይቅር ብዬዋለሁና ልተወው።) ስለዚህ ለቀዶ ሕክምናው የፈረምኩት እንደተሸነፈ ሰው ነው። እውነቱን ልናገር፤ ተቆጥቼ ነበር። «ለስንቱ አድርገህ የእኔ ጉልበት ከበደህ?» ብዬዋለሁ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ኦፕራሲዮኑ ጠዋት ነበር። ከወገቤ በታች አደነዘዙኝ፤ ጭኔ ላይ ደግሞ ነርቩን የሚያደነዝዝ ሌላ መርፌ ወጉኝ። ያለቀውን የአጥንት ጫፍ ቆርጠው በብረት አለበሱት፣ መሃሉ ላይ ጠንካራ ፕላስቲክ አስገቡና ዘጉት። ከሰዓት በኋላ ህመም የሚባል ነገር የለም! በዎከር ተደግፌ ቆምኩ፣ አራት አምስት እርምጃም ሄድኩ። እኔ ምን አደረግኩ? ስልኬን አነሳኋ! ለእህቴ፣ ለጸሎት ጓደኞቼ፣ ለዚያም ወንድም ሳይቀር ደወልኩ። «ጌታ ህመሙን ወስዶታል፣ ጭራሽ አይሰማኝም!» እያልኩ። ነርሷ «እናቴ፣ ገና መርፌው ስላልለቀቀዎት ነው፤ ማስታገሻውን እንዳይተዉ» ስትለኝ «ልጄ፣ አንቺ የእግዚአብሔርን ሥራ ገና አላየሽም» ብዬ ፈገግ አልኩባት። የማታውን ክኒን አልወስድም አልኩ። ልጄንም «ምን ሆንኩና ነው ወንበር ላይ የምታድሪው?» ብዬ ወደ ቤት ሰደድኳት።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቃሁ።

መጀመሪያ የተሰማኝ ሙቀት ነው፤ ጉልበቴ ውስጥ ፍም የተቀመጠ ያህል። ቀጥሎ ትርታው መጣ። ልቤ በመታ ቁጥር ጉልበቴም አብሮ ይመታል። ከዚያ ያ ሙቀትና ያ ትርታ አንድ ላይ ሆነው ስሙን የማላውቀው ነገር ሆኑ። ወልጃለሁ፣ ምጥን አውቃለሁ፤ ምጥ እንኳን መሃል ላይ ትንፋሽ ይሰጣል፣ ይሄ አይሰጥም። የገባው ብረት ተሰብሯል ብዬ ወሰንኩ። ብርድ ልብሱን ገልጬ ሳየው በፋሻ የተጠቀለለ፣ ሁለት እግር የሚያህል፣ የሌላ ሰው የመሰለ ነገር ተጋድሟል። እንዲያሳርፈኝ ትራስ ጎትቼ ጉልበቴ ስር ወሸቅኩ። ትንሽ ቀለል አለኝና መልሶ ባሰበት። የነርስ መጥሪያውን ስፈልግ ከአልጋው ወርዶ በገመዱ ተንጠልጥሏል። እጄን ብሰድ አንድ ስንዝር ይቀረኛል። ያቺን ስንዝር መቼም አልረሳትም። ለመጮኽ ስሞክር የወጣው ድምፅ የድመት ነው።

«እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» ብዬ ጀመርኩ፤ «የሚያሳጣኝም የለም» ላይ ስደርስ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። የሚያሳጣኝማ ይኸው ስንዝር አሳጣኝ! «ልቅሶ ማታ ይመጣል» የሚለው ሳልጠራው መጣ። «ጠዋቱስ መቼ ነው?» አልኩት በቁጣ። «አሳፈርከኝ። ለሰው ሁሉ ከነገርኩ በኋላ ነው እንዴ?» አልኩት። ሲመሽ የመሰከርኩት ለመርፌው እንደነበር ያኔ ገባኝ። ከሁሉ ይልቅ ያቃጠለኝ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ፉከራውም ቁጣውም አለቀና የቀረኝ ልመና አንድ ነበር፦ «እሺ፣ አትፈውሰኝ፤ ብቻ ሰው ላክልኝ።»

እናቴ ልብስ ስታጥብ የምታንጎራጉረው መዝሙር ነበር። ቃሉ ከነጭራሹ ጠፋኝ፣ ዜማው ብቻ መጣ። ማቃሰቱንና ዜማውን ቀላቅዬ ማንጎራጎር ጀመርኩ። ከመጋረጃው ወዲያ፣ ቀኑን ሙሉ ድምፅዋን ያልሰማሁት ሴት፣ ከእኔ ጋር አንድ መስመር አንጎራጎረችና «እህቴ፣ መጥሪያሽ አልደረሰልሽም መሰል፤ የእኔን ተጭኜልሻለሁ» አለችኝ።

እህቴ፣ የት እንዳለሽ አላውቅም። ጠዋት ለምርመራ ወስደውሽ ወደዚያ ክፍል አልተመለስሽም፤ መልክሽን አላየሁትም። ጌታ ዘመንሽን ይባርክ።

ነርሷ ያችው የማታዋ ነበረች። «ትናንት ምን ብዬዎት ነበር?» አላለችኝም፤ ይህን ደግነቷን ከመድኃኒቱ እኩል ነው የምቆጥረው። «ምንም አልተሰበረም፣ ማደንዘዣው ለቅቆዎት ነው። ህመም አንዴ ከቀደመ ማስታገሻ ሮጦ አይደርስበትም፤ ከእንግዲህ ሳይብስ በሰዓቱ ነው የምንወስደው» አለችኝ። መርፌ ሰጠችኝ፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላ አደረገችልኝ። ትራሱን ከጉልበቴ ስር አውጥታ ተረከዜ ስር አደረገችው። «ጉልበት ስር ሲሆን ይመቻል፤ ግን እንደታጠፈ መዘርጋት ያቅተዋል።» መጥሪያውን አንስታ የአልጋው ብረት ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመችው። መስኮቱ ሲነጣ አየሁት። ጠዋቱ መጣ፤ ህመሙ ሳይጠፋ፣ ግን መጣ።

በሁለተኛው ሳምንት ስፌቱ ወጣ፤ ደም እንዳይረጋ የተሰጠኝን መድኃኒት ጨረስኩ፤ ከዎከር ወደ ከዘራ ተሸጋገርኩ።

መታጠፉ ነው እምቢ ያለው። ፊዚዮቴራፒስቱ ልጄ የሚሆን ወጣት ነው፤ ማዕዘን መለኪያውን ጉልበቴ ጎን ይዞ ቁጥር ሲያነብ ፈተና የወደቅኩ ይመስለኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት 68 ዲግሪ። በአምስተኛው 74። ሐኪሙ 90 ካላለፈ እንደገና አደንዝዤ በግድ አጥፈዋለሁ አለ። ያን ቀን ወጣቱን ጠላሁት፤ የሚያሳምመኝ እሱ ነዋ! «እናቴ፣ እየተነፈሱ፤ ትንፋሽዎን ሲይዙ ጡንቻዎም ይይዛል» እያለ ተረከዜን አልጋው ላይ ወደ ኋላ ሲስብ ላቤ ይንቆረቆራል። አንድ ማለዳ ኢሳይያስን ስከፍት «የላሉትንም ጉልበቶች አጽኑ» ይላል። ስንት ዓመት እንደ ተስፋ ቃል ነው ያነበብኩት፤ ለካ ትእዛዝ ነው! አጽኑ የተባልኩት እኔው ነኝ ብዬ ቤቴ ውስጥ ቀን ሦስት ጊዜ ማጠፍ ጀመርኩ፣ ማስታገሻዬን ወስጄ፣ እያለቀስኩ፣ እየዘመርኩ። በስምንተኛው ሳምንት መለኪያው 96 አለ። ወጣቱ ሁለት ጊዜ ለካውና ሳቀ። ሁለተኛው ማደንዘዣ ቀረ። ክብር ለስሙ ይሁን፤ ለዚያም ልጅ እጅ ጤና ይስጥልኝ።

ለደወልኩላቸው ሁሉ መልሼ ደውያለሁ። እህቴ «ሌሊቱንማ ሳትነግሪን አውቀናል፤ ለሁለት ቀን ስልክ ስታጠፊ» አለችኝ።

በአሥራ አንደኛው ወር ሐኪሙን «መንበርከክ እችላለሁ?» አልኩት። ብረቱን አይጎዳውም፣ ግን እንግዳ ስሜት ይኖረዋል አለኝ። እውነቱን ነው። ከጠባሳው ውጭ በኩል ያለው ቆዳ እስከ ዛሬ ደንዝዟል፤ ሳጥፈው ቀጭ ይላል። ወፍራም ትራስ አነጠፍኩ፣ አልጋውን ያዝኩ፣ ደህናውን ጉልበት አስቀደምኩ፣ ከዚያ ሌላውን። ረጅም ጸሎት አዘጋጅቼ ነበር። «ጌታዬ» ብዬ አንድ ቃል ብቻ ወጣኝ።

ችግሩ መነሳቱ ላይ መጣ። አልቻልኩም። ልጄን ስጠራት ሮጣ ገብታ ወለል ላይ አየችኝና «ወይኔ እማዬ! ወደቅሽ?»

«አልወደቅኩም» አልኳት። «ተንበርክኬ ነው።»